ዘቡሮኒ ይቅርታ የጠየቀበት ነገር

ዘቡሮኒ ቢታራቤሆ ለመሪዎች ሲጸልይ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ፕሬዚዳንቱን ያነሣል፣ ሚኒስትሮቹን ያነሣል፣ ዳኞቹንና የጦር አዛዦቹን፣ ከዚያ በወረዳችን ከተማ በካባሌ የተቀመጡትን ሹማምንት፣ ከዚያ የንዑስ ወረዳውን አስተዳዳሪ በስሙ ጠርቶ «አሜን» ይላል። ከዚያ በታች አንድ ሰው ይቀር ነበር፤ የመንደራችን ሊቀመንበር። እሱን አይጠራም።

ይህን ያስተዋለችው ሚስቱ ኤሴዛ ናት። የዳኑት፣ እኛ ባሎኮሌ የምንላቸው ወንድሞችና እህቶች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እነ ዘቡሮኒ ቤት ይሰበሰባሉ። አሥራ አራት ናቸው። አንድ ማክሰኞ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ኤሴዛ ኩባያ እየሰበሰበች ጠየቀችው።

«ፕሬዚዳንቱ አንተ መኖርህንም አያውቅም፤ በየሳምንቱ ትጸልይለታለህ። ኤሪኔስቲ ግን ከታች ነው ቤቱ፣ ሲያስል እንኳ ይሰማናል። እሱን ለምንድነው የምትዘለው?»

ዘቡሮኒ ረስቼው ነው አለ።

«አራት ዓመት ሙሉ?» አለችው።

ዘቡሮኒ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። አናጺ ነው፤ ከአናጺነቱ ይልቅ የሚታወቀው ግን ቃሬዛ በመሥራት ነው። መንደራችን ኪቱማ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ መኪና አይደርሰውም። ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ መንደሩ ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ ያወርዳል። ቃሬዛው እንደ ትልቅ ቅርጫት ከሸምበቆ የተጠለፈ ነው። የቃሬዛ ማኅበር ውስጥ የሌለ ቤተሰብ የለም፤ አንግሊካን ይሁን ካቶሊክ፣ የዳነ ይሁን ሰካራም፣ ከበሮ ሲመታ ይወጣል። የቀረ አንድ ጀሪካን ቡሼራ፣ የማያሰክር የማሽላ መጠጥ፣ ይቀጣል። ዘቡሮኒ የዚህ ማኅበር አለቃ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚሸከም የሚደለድለው እሱ ነው።

ሊቀመንበሩ ኤሪኔስቲ ርዋኪሄምቦ የዘቡሮኒ እኩያ ነው፤ አንድ ክፍል ተምረዋል። ሲመረጥ ጸጉሩ ጥቁር ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሰባት ዓመት የመንደር ምርጫ ስላልተደረገ ጸጉሩ ሥልጣን ላይ እያለ ሸበተ። መጥፎ ሰው ነው የሚል አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ያስጨረሰው እሱ ነው። ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ከሁለቱም እጅ ምንም አይቀበልም። ቃሬዛ ሲወጣ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዘቡሮኒም ይህን ሲክድ ተሰምቶ አይታወቅም።

ጠቡ የመጣው በምንጩ ነው። የመንደሩ ምንጭ ከቤቶቹ በላይ ነው፤ ዙሪያው የጋራ መሬት ነው። ሊቀመንበሩ ከስድስት ዓመት በፊት እዚያ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ለመንደሩ ነው አለ፤ በኋላ እንጨቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ «ይታያል» አለ። ዛፉ አደገ፤ ምንጩ ቀጠነ። ድሮ ሁለት ሰው ሰላምታ እስኪጨርስ የሚሞላው ጀሪካን ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ወረፋው የጠናባቸው ሴቶች ቁልቁል ረግረጉ ድረስ ወርደው መቅዳት ያዙ፤ ያ ውኃ ደግሞ ልጆችን ያስቀምጣል።

ዘቡሮኒ ሁለት ጊዜ በመንደር ስብሰባ ተነሥቶ ተናገረ። በሁለተኛው ጊዜ ሊቀመንበሩ ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል የሚለውን ከየት እንዳመጣው ጠየቀው። ከሬዲዮ ነው አለ ዘቡሮኒ። «ሬዲዮውስ ባትሪ ይጠጣ የለ፤ እሱንም እንቁረጠው?» አለ ሊቀመንበሩ። ሰዉ ከት ብሎ ሳቀ፤ የኤሴዛ እህት ሳይቀር። ዘቡሮኒ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው በጸሎቱ የኤሪኔስቲን ስም መዝለል የጀመረው።

ኤሴዛ በጠየቀችው ሰሞን የመንደር ምርጫ እንደሚደረግ በሬዲዮ ተነገረ። ወረቀት የለም፤ ሳጥን የለም። መራጩ ከሚመርጠው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ የሰልፉ ሰው ይቆጠራል፤ በቃ። ሊቀመንበሩን ለመፎካከር ስኮላስቲካ ክያሪሲማ ተመዘገበች። የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ባሏ የሞተባት፤ ካቶሊክ። ያለችው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከተመረጥኩ በምንጩ ዙሪያ ያለው ዛፍ ይቆረጣል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ጓሮው ውስጥ ስድስት መቶ አዲስ ችግኝ አፍልቶ ነበር። የምንጩ ሌላኛው ወገን ገና ባዶ ነው። ከምርጫው በኋላ ዝናቡ ሲገባ ሊተክለው እንዳሰበ የማያውቅ አልነበረም። ያ ከተተከለ ምንጩ አለቀለት።

በተከታዩ ማክሰኞ ዘቡሮኒ በጉባኤው መሀል ቆሞ ተናዘዘ። ኤሪኔስቲን እጠላዋለሁ አለ። ጊደሩ ገደል የገባች ቀን ደስ ብሎኛል፤ ሚስቴ ስታዝንላቸው እኔ ፊቴን አዙሬ ፈገግ ብያለሁ፤ ስሙን ከጸሎቴ አውጥቼዋለሁ አለ። ወንድሞች የምስጋናውን መዝሙር ዘመሩለት።

የዳኑት ሥርዓት ግን በዚህ አያበቃም። የበደልከው ሰው ቤት ድረስ ሄደህ በፊቱ ትናገራለህ። ደግሞም አንድ ሕግ አለ፤ ይቅርታ ስትጠይቅ «ነገር ግን» አትልም። አንተም እኮ እንዲህ አድርገኸኛል አትልም። የራስህን ብቻ ተናግረህ አፍህን ትዘጋለህ። ዘቡሮኒ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሕግ ኖሯል።

ሐሙስ ከጉባኤው ሽማግሌ ከዮካና ባሙቱንጊሬና ከኤሴዛ ጋር ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ወረደ። ሊቀመንበሩ በረንዳ ላይ የዘር ድንች እየለየ ነበር።

«ኤሪኔስቲ፣ ጠልቼህ ነበር» አለው ዘቡሮኒ። «ጊደርህ የሞተች ቀን ደስ ብሎኛል። አራት ዓመት ሙሉ አልጸለይኩልህም። ይቅር በለኝ።»

ሊቀመንበሩ ድንቹን አስቀመጠ። እሱ ከዳኑት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም በበዓል በበዓል ነው የሚታየው። ለሊቀመንበር ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ገጥሞት አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተነሥቶ አቀፈው። ሚስቱ ቡሼራ አመጣች። ስለ ትምህርት ቤት ዘመናቸው፣ ስለሚገርፋቸው መምህር አወሩ። ሊወጡ ሲሉ ሊቀመንበሩ የዘቡሮኒን እጅ እንደያዘ፣ «እንግዲህ የምንጩም ነገር በዚሁ ቀረ» አለው።

ዘቡሮኒ መልሱን ያውቀው ነበር። አልቀረም ማለት ነበረበት። ያንን ካለ ደግሞ «ነገር ግን» ማለቱ ነው። ዝም አለ።

ሽቅብ ሲመለሱ ሽማግሌው ዮካና ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ንጹሕ ንስሐ ነው አሉት። ኤሴዛ ቀድማቸው ዳገቱን ወጣች።

እሁድ ሊቀመንበሩ ቤተ ክርስቲያን መጣ። በዓል አልነበረም። ከስብከቱ በኋላ፣ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት፣ እንዲናገር ጠይቆ ተፈቀደለት። ወንድም ዘቡሮኒ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለ ምንጩ ሲያወራ የቆየው ስሕተት እንደነበር ነግሮኝ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እኔም ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ መንደራችን እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው የቆመችው አለ። ጭብጨባ ሆነ። ከኋላ ያሉት ዘቡሮኒን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

ሰኞ ወሬው ምንጩ ዳር ደርሶ ነበር። ዛፉ ውኃ አይጠጣም፤ ዘቡሮኒ ራሱ ውሸት ነው ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ስኮላስቲካን ለመምረጥ ያሰቡ አንዳንዶች፣ እንግዲያው ለምን ካቶሊክ እንሾማለን ይሉ ጀመር።

ስኮላስቲካ በዚያው ቀን ወደ ዘቡሮኒ የእንጨት ሥራ ቤት መጣች። የማይጠገን ወንበር ይዛ ነበር የመጣችው፤ ለሰበብ።

«ጋሼ ዘቡሮኒ፣ እኛ ካቶሊኮች የምንናዘዘው ተደብቀን ነው» አለችው። «ጥቅሙ ዛሬ ገባኝ።»

ዘቡሮኒ ሳቅ አለ። ከዚያ ስለ ዛፉ የተናገረው በእርግጥ ውሸት እንደሆነ ጠየቀችው። አይደለም አላት። ታዲያ ይናገሩ አለችው። ዘቡሮኒ መላጊያውን አስቀምጦ አስረዳት። አሁን ተነሥቼ ብናገር የጠየቀውን ይቅርታ በሳምንቱ መልሶ ወሰደ ይባላል፤ እኔ ብቻ ሳልሆን በዚህ መንደር የዳነ የሚባል ሰው ሁሉ ንስሐው ይቀለዳል አላት። እሷም ካሰበች በኋላ፣ ይገባኛል፣ ችግኙ ግን ይህንን አይሰማም ብላ ወንበሩን ጥላ ሄደች።

ዘቡሮኒ ሽማግሌው ጋ ሄደ። ዮካና ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ወንጌልን የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ከመጠጥ ያወጡትም እሳቸው። ያሉትን ረጋ ብለው አሉት። ባለ ሥልጣንን የሚያስቀምጠው እግዚአብሔር ነው፤ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የጻፈው ግልጽ ነው፤ ያውም ያኔ የነበረው ንጉሥ ክርስቲያኖችን የሚገድል ነበር፤ ኤሪኔስቲ ቢበዛ ዛፍ ነው የተከለው። የእኛ አገር በሰማይ ነው። የምርጫው ዕለት የዳኑት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን ለመሪዎች እንጸልያለን፤ ከማንም ኋላ አንሰለፍም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሴትየዋ ካቶሊክ መሆኗንም አትርሳ አሉት።

ያሉት ሁሉ ዘቡሮኒም በማክሰኞው ጉባኤ ሲያስተምረው የኖረ ነው። ቤት ገብቶ ለኤሴዛ ነገራት። ኤሴዛ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር።

«ምንጩ ሰማይ ላይ አይደለም» አለች። «ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ የት እንዳለ አውቀዋለሁ።»

ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት ከበሮ ተመታ። እማማ ፌሬሲታ የሚባሉ አሮጊት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወንዶቹ ተሰበሰቡ። ተሸካሚ የሚጣመረው በቁመት ነው፤ አለዚያ ቃሬዛው ይዘምማል። በመንደሩ የዘቡሮኒ ቁመት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከፊት በኩል፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ አብረው ተሸክመዋል። በተጣሉበት ዘመንም ማጣመሩን አልቀየረውም። ቃሬዛ ሥር ጠብ ክልክል ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም ብለው ይሸከሙ ነበር።

ቁልቁለቱን ወርደው ወንዙን ተሻግረው ሁለተኛውን ዳገት ሲይዙ ሊቀመንበሩ ጨዋታ ጀመረ።

«ማክሰኞ ጸለይክልኝ?»

«ጸለይኩልህ።»

«በስሜ?»

«በስምህ።»

«እንዳሸንፍ?»

«እንደሱ አላልኩም። ጤናና ጥበብ እንዲሰጥህ ነው ያልኩት።»

«ጤናው አለኝ» አለ ሊቀመንበሩ። «ጥበቡን እነስኮላስቲካ ይፈልጉታል፤ ለነሱ አዛውርላቸው።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ዘቡሮኒ ጥቂት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ እሁድ ዕለት የተናገርከው እኔ ያልኩህን አይደለም አለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ በቃሬዛ ሥር ግን ዝቅ ያለ ድምፅ የለም። ስምንት ተሸካሚ፣ አሥር ተቀያሪ፣ ሁሉም ሰማ። ሊቀመንበሩ ኋላ እናወራዋለን፣ በሽተኛ ይዘናል አለ።

ከቅርጫቱ ውስጥ የእማማ ፌሬሲታ ድምፅ መጣ።

«በሽተኛዋ እኔ ነኝ። አውሩ። ሕመሙን ያስረሳኛል።»

ተሸካሚዎቹ ዳገቱን ቀጠሉ።

«ዘቡሮኒ!» አሉ አሮጊቷ።

«አቤት እማማ።»

«ዛፉ ውኃውን ጨርሶታል ወይስ አልጨረሰውም?»

«ጨርሶታል።»

«ታዲያ ይቅርታ የጠየቅከው ምን ብለህ ነው?»

«ጠልቼው ነበር፤ ለሱ ነው።»

«አሁንስ ትጠላዋለህ?»

«አሁን አልጠላውም።»

«ዛፉንስ?»

ተሸካሚዎቹ እንደገና ሳቁ፤ ዘቡሮኒ ግን አልሳቀም። ዛፉ መቆረጥ አለበት አለ። ሊቀመንበሩ እግሩ ከሌሎቹ እርምጃ ወጣ፤ ቃሬዛው ዘነበለ፤ አሮጊቷ ጮኹ። ቆሙ። አስተካክለው እንደገና አነሡ።

«ይቅርታ በጠየቅከኝ በሳምንቱ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። ቀልዱ ጠፍቶ ነበር። «ቤቴ መጥተህ፣ ቡሼራዬን ጠጥተህ፣ የምንጩ ነገር ቀረ ስልህ ዝም ብለሃል።»

«ዝም ብያለሁ» አለ ዘቡሮኒ። «አልቀረም ማለት ነበረብኝ። ያኔ ዝም በማለቴ ነው ሰው ፊት ያልሆነ ነገር የተናገርከው። ለዚያም ይቅር በለኝ።»

ሊቀመንበሩ የመቀየሪያውን ቦታ ሳይጠብቅ ዘንጉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ ኋላ ቀረ። አዲሱ ተሸካሚ አጭር ስለነበረ ቃሬዛው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ዘሞ ሄደ። እማማ ፌሬሲታ ግን ስሞታ አላሰሙም።

ወሬው ከተሸካሚዎቹ ቀድሞ መንደር ገባ። የሊቀመንበሩ ሰዎች ዘቡሮኒ ሁለት ምላስ አለው አሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ የተጣራው አሁን ነው አሉ። እሁድ ሽማግሌው ዮካና ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቀው ወደ ጥግ ወሰዱት። የጠላኸውን ሰው ይቅርታ ጠይቀህ በሳምንቱ በሕዝብ ፊት አዋረድከው፤ ራስህን እስክታስተካክል ድረስ በጉባኤ ጸሎት አትመራም፤ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ አሉት። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሠላሳ ዓመት የጉባኤው ቤት የራሱ ቤት ነው፤ በገዛ ሳሎኑ ከበሩ አጠገብ ሊቀመጥ ነው። ዘቡሮኒ አልተከራከረም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው።

«ወንድም ዮካና፣ የምንጸልይለት መሪ ሲሳሳት የምናውቅ ከሆነ፣ ለእግዚአብሔር የምንነግረውን ለራሱ የማንነግረው ለምንድነው?»

ሽማግሌው ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ ብለው ሄዱ።

ማክሰኞ የምርጫው ቀን ነበር። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት ወንበር በሃያ እርምጃ ርቀት ተቀመጠ። አንዱ ላይ ሊቀመንበሩ በኮት፣ አንዱ ላይ ስኮላስቲካ በእሁድ ቀሚሷ ተቀመጡ። ከንዑስ ወረዳው የመጣው አስመራጭ ሕጉን አነበበ፤ ሰልፍ ከገቡ በኋላ መዛወር የለም። ፊሽካ ነፋ። ሰዉ ተራወጠ። ሁለቱ ሰልፎች ወዲያው ረዘሙ። ወንድም ከወንድሙ ተለየ፤ አንዷ ባሏን ከማዶ ሰልፍ አይታ «ማታ ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» አለች።

ከዳኑት ዘጠኙ፣ ሽማግሌው ጭምር፣ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሜዳው ላይ የመጡት አምስት ናቸው። ኤሴዛ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆና ስኮላስቲካ ኋላ ቆማለች።

ዘቡሮኒ ሜዳው ጠርዝ ላይ ብቻውን ቀረ። አስመራጩ ቶሎ በሉ አለ። ዘቡሮኒ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሊቀመንበሩ ወንበር ነው። የሊቀመንበሩ ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ። እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ እንዴት አደርክ አለው።

«የት ልትቆም ነው?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ስኮላስቲካ ኋላ።»

«ጸሎቱስ?»

«እሱ አልተቀየረም።»

ጭብጨባው ቆመ። አስመራጩ እዚህ የመጣነው ለሰልፍ እንጂ ለሰላምታ አይደለም ብሎ ተቆጣ። ዘቡሮኒ ሃያውን እርምጃ ተራምዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ሁሉም አየው። የዚህ ዓይነት ምርጫ ክፋቱ ይህ ነው፤ ጥሩነቱም።

አስመራጩ እያንዳንዱን ሰው ትከሻውን እየነካ ቆጠረ። ሊቀመንበሩ ዘጠና ሰባት። ስኮላስቲካ ዘጠና አንድ። ዘጠኝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመሪዎች እየጸለየ ነበር። ቢመጡ የት እንደሚሰለፉ ማንም አያውቅም፤ ሰዉ ግን ሲያሰላው ሰነበተ።

በማግስቱ ጠዋት ዘቡሮኒ ሊቀመንበሩ ቤት ወረደ። ብቻውን ነበር። ስለ ምንጩ የመንደር ስብሰባ እንዲጠራ የሚጠይቅ ወረቀት ይዟል፤ በዋዜማው ምሽት ቤት ለቤት ዞሮ ሰማንያ ስድስት ሰው አስፈርሞበታል፤ ሁለቱ ከሊቀመንበሩ ሰልፍ ናቸው። ሊቀመንበሩ በረንዳው ላይ ነው፤ ሌሊት ሲጨፈርለት ያደረ ሰው ድካም ነበረበት። እንዲቀመጥ አላለውም።

«ትናንት ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» አለው።

«ለዚህ ነው አንተ ጋ የመጣሁት» አለ ዘቡሮኒ። «ብትሸነፍ ስኮላስቲካ ጋ እሄድ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከሰልፉ የነበሩትን ሁለቱን ስሞች ሲያገኝ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋቸው። በስድስት ሰው ብልጫ ነው ያሸነፈው፤ ሒሳቡን ከማንም በላይ እሱ ያውቀዋል። ለአሥራ ሰባት ዓመት ቁጥሩን አይቶት አያውቅም ነበር። በመጨረሻ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ይሁን፣ ግን ሬዲዮ የሚል ቃል እንዳልሰማ አለ።

ስብሰባው ሞቅ ያለ ነበር። ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ፣ ዛፉ ምንጩን ጎድቶታል የሚል ይነሣ አለ። ዘቡሮኒ ተነሣ። ስኮላስቲካ ተነሣች። ሴቶቹ ተነሡ፤ ጀሪካን ተሸካሚዎቹ እነሱ ናቸው። ከዚያ ከዳኑት መሀል ሽማግሌው ዮካና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ዘቡሮኒ አላዩም። በምርጫው ዕለት አብረዋቸው ቤተ ክርስቲያን የነበሩት ስምንቱም ቀስ በቀስ ተከተሏቸው።

ክርክሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠለ። ለምንጩ ቅርብ የሆኑት ሦስት ረድፎች እንዲቆረጡ፣ የቀሩት እስኪደርሱ እንዲቆዩ፣ በሌላኛው ወገን ምንም እንዳይተከል ተወሰነ። ዘቡሮኒ ሁሉም ይቆረጥ ብሎ ነበር፤ ተሸነፈ። ችግኞቹን ሊቀመንበሩ ለሌላ መንደር ሰው ሰጠ። ውኃው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ረግረጉ ድረስ የሚወርድ ሰው ግን ቀረ።

ዘቡሮኒ እስከ ገና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌው ወደ ፊት የጠሩት ምክንያት ሳይሰጡ ነው፤ እሱም አልጠየቀም።

ሦስቱን ረድፎች የቆረጥናቸው በአንድ ቀን፣ መንደሩ ወጥቶ ነው። ሊቀመንበሩም መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ ደህና አድርጎ ሠራ። ሲመሽ ግንዶቹን ልጆቹን አስጠርቶ ወደ ግቢው አስጎተተ። ዘቡሮኒ ቆሞ አየው፤ ደህና እደር ብሎት ሄደ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግንዶቹ የመንደሩ ናቸው ብሎ ተነሣ።